ተቀጽላና ኦርኪድ፦ በአጸዳችን ዛፎች ላይ የሚበቅሉትን ስለ መለየት

የቤተ ክርስቲያን አጸድ በሚጸዳበት ጊዜ፣ በነባር ዛፎች ግንድና ቅርንጫፍ ላይ የበቀለው ሁሉ «ተቀጽላ ነው፤ ዛፉን ያደርቀዋል» ተብሎ አንዳንድ ጊዜ በገጀራ ይፋቃል። አሳቡ ለዛፉ ከመቆርቆር የመነጨ ስለሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ከሚፋቀው መካከል ዛፉን የማይጎዳ ሀገር በቀል ኦርኪድ ሊኖር ስለሚችል፣ ሁለቱን መለየት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት አባቶች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ተቀጽላ ሥሩን ቅርፊቱን አልፎ ወደ እንጨቱ ይሰድዳል፤ ውኃውንም ከዛፉ ይጠባል። የተጣበቀበት ቦታ ብዙ ጊዜ አብጦ ይታያል። ኦርኪድ ግን በዛፉ ላይ ያድራል እንጂ ከዛፉ አይበላም። ነጣ ያሉ ሥሮቹ በቅርፊቱ ላይ ይሳባሉ ወይም በአየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ የዝናቡንና የጭጋጉን እርጥበት ይመጥጣሉ፤ ሲርሱም ወደ አረንጓዴነት ይለወጣሉ። የሚጠራጠር ሰው ሥሩን ተከትሎ ይመልከት፤ ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ገጀራውን ይመልስ።

በሀገራችን ደኖች ከሚገኙት አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ይባላል። ነጭ አበባው ከበስተኋላው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል ቀጭን ቱቦ አለው፤ ወለላው የሚገኘው በዚህ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ንብ አትደርስበትም። ሌሊት በመዓዛው ተስባ የምትመጣው ረጅም ምላስ ያላት የእሳት እራት ናት። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በውስጡ ስንቅ ስለሌለው የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም።

እንግዲህ ሻካራ ቅርፊት፣ ጥላ፣ እርጥበት፣ ፈንገስና የእሳት እራት በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ ነባር ደን በአብዛኛው የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ ከአንዱ አጸድ የጠፋ ኦርኪድ ዘሩ የሚመጣለት ከሩቅ ነው። ባሕር ዛፍ ለደብሩ ገቢ ማስገኘቱን አንክድም፤ ቅርፊቱ እየተላጠ ስለሚወድቅ ግን ኦርኪድ ሥር አይዝበትም። ስለዚህ ከቅጥሩ ውጭ ቢተከል ይሻላል።

በአጸዱ ውስጥ አሮጌ ወይራ፣ ዋንዛና ዝግባ ይጠበቁ፤ በግንዳቸው ላይ ያለው ሽበት አይፋቅ፤ ከብትም እንዳይገባ ቅጥሩ ይጠገን፤ ችግኞቹ ሳይበሉ አድገው ጥላውን የሚተኩት እንዲህ ሲሆን ነውና። ተቀጽላ በእርግጥ ከተገኘ የተጣበቀበት ቅርንጫፍ ከእብጠቱ በታች ይቆረጥ። ኦርኪድ የያዘ ቅርንጫፍ በነፋስ ተሰብሮ ቢወድቅ ደግሞ መሬት ላይ መተው የለበትም፤ ሥሩ ሳይቆረጥ ከነቅርፊቱ ተነሥቶ፣ ጥላ ባለው ሌላ ነባር ዛፍ ግንድ ላይ በጨርቅ ቁራጭ ይታሰር። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ የክረምቱ መግቢያ ነው። ሥሩ ቅርፊቱን አጥብቆ ሲይዝ ጨርቁ ይፈታል።