ልጅዎ ጠዋት ጠዋት ለምን ያነክሳል?

ልጅዎ ከእንቅልፉ ሲነሳ ያነክሳል፤ ከጎንዎ ሲሰግድ ጉልበቱን ማጠፍ ይቸግረዋል፤ ረፋዱ ላይ ግን ይሮጣል። ጉልበቱ አብጧል፤ እሱ ግን ብዙም አያማርርም። አብዛኞቻችን ‹‹ወድቆ ነው›› ወይም ‹‹ብርድ ነው›› ብለን ወደ ወጌሻ እንወስደዋለን።

ነገሩ የልጆች አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። 16 ዓመት ሳይሞላ የሚጀምር ሲሆን፣ ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት እብጠቱ ቢያንስ 6 ሳምንት ቆይቶ ሌላ ምክንያት ሲታጣለት ነው። እርስዎ ግን 6 ሳምንት አይጠብቁ።

የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚነጋገሩት ሳይቶካይን በሚባሉ የመልእክት ንጥረ ነገሮች ነው። ጀርም ሲገባ ‹‹ድረሱ!›› ብለው ይጣራሉ፤ ጀርሙ ሲጠፋ ጥሪው ይቆማል። በዚህ በሽታ ግን ጀርም ሳይኖር ጥሪው ይቀጥላል። ዋነኞቹ ጠሪዎች ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 ናቸው። በጥሪያቸው የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ያብጣል፣ ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ሳይታከም ከቆየም አጥንት ይጎዳል።

ኢንተርሉኪን 6 ሥራው በጉልበት አይወሰንም። ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል፤ ይህም ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይዘጋል። ልጁ ምስርና ሥጋ እየበላም ደም የሚያንሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናት ‹‹አጉድዬበት ነው›› ብላ ራሷን አትውቀስ፤ የብረት ክኒንም ያለ ምርመራ አይጀመር። ወተት፣ እንቁላልና የፀሐይ ብርሃን ለአጥንቱ ይጠቅሙታል፤ በሽታውን የሚያቆም ምግብ ግን የለም። ማርና ጥቁር አዝሙድም የሐኪሙን መድኃኒት አይተኩም።

ሕክምናው ያንን ጥሪ ዝም ማሰኘት ነው። ለዚህ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት 1 ቀን ብቻ ይሰጣል፤ ተሳስቶ በየቀኑ መስጠት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል! ቲኤንኤፍን የሚይዘው ኢታነርሴፕት የተባለ መርፌ እ.ኤ.አ. በ1999 ለልጆች አርትራይተስ በአሜሪካ ተፈቅዷል። የተደበቀ ቲቢን ሰውነት አፍኖ የሚይዘው በዚሁ በቲኤንኤፍ እርዳታ ስለሆነ፣ ከመርፌው በፊት የቲቢ ምርመራ ግድ ነው።

ዓይኑንም አይርሱ። ሳይቀላና ሳያም ውስጡ ሊቆጣና ብርሃኑን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ የዓይን ሐኪም በየጊዜው ይየው።

ትኩሳት ኖሮት አንድ መገጣጠሚያውን ጨርሶ ማንቀሳቀስ ያቃተው ልጅ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። መገጣጠሚያው ውስጥ ጀርም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሆስፒታል ይድረስ።