አንዲት መስመር ብቻ ጠይቂ

ልጄ፣ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይቺን ሥራልኝ፤ ለነገ ናት» ይላል። ጥያቄዋን አውቃታለሁ፤ የቆየች ተንኮለኛ ናት። ኤድዋርድ ላንግሊ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ራሱ በመሠረተው «ማቲማቲካል ጋዜት» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣት፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ተማሪ ፀጉሩን አስነጭታለች። ስታያት የአምስት ደቂቃ ሥራ ትመስላለች። ይቺን አንዷን እስከ መጨረሻው አብሬሽ እሄዳለሁ። ቀጥሎ ግን ሰው ስትጠይቂ እንዲህ ጠይቂ።

1. ከመጠየቅሽ በፊት ሥዕሉን በገዛ እጅሽ ሥሪው።

የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ ማንሳት እንደ መሳል አይቆጠርም። ሀለመ የተባለ ጎነ ሦስት አለ፤ አናቱ ሀ፣ መሠረቱ ለመ። ሀለ እና ሀመ እኩል ናቸው። የአናቱ ማዕዘን 20 ዲግሪ፣ የመሠረቱ ማዕዘኖች 80፣ 80 ናቸው። ከለ የተነሳ መስመር ከመሠረቱ ጋር 60 ዲግሪ ሠርቶ ሀመን ረ ላይ ያገኘዋል። ከመ የተነሳ ሌላ መስመር ከመሠረቱ ጋር 50 ዲግሪ ሠርቶ ሀለን ሰ ላይ ያገኘዋል። ሰ እና ረ ይያያዙ። ማዕዘን ለረሰ ስንት ዲግሪ ነው?

መሠረቱን 5 ሴንቲ ሜትር ብታደርጊው ጎኖቹ 14.4 ገደማ ይሆናሉ፤ በደብተርሽ አንድ ገጽ ላይ ይበቃል። እንዲህ ቀጭንና ረጅም መሆኑን በዓይንሽ ማየት አለብሽ፤ አንቺ የላክሽልኝ ላይ እንደ ድንኳን ተንሰራፍቷል፤ ከእንዲህ ያለ ሥዕል ምንም አይገኝም። በማስመሪያና በፕሮትራክተር ተጠንቅቀሽ ከሣልሽ፣ ስትለኪው 30 አካባቢ ታነቢያለሽ። መለካት ማረጋገጫ አይሆንም፤ መምህርሽም ለእሱ ነጥብ አይሰጡሽም። ቢሆንም የምትሄጂበትን አገር ታውቂያለሽ።

2. እስክትቆሚ ድረስ ሂጂ፤ የቆምሽበትንም ቦታ እወቂው።

የምታውቂውን ሁሉ ሙዪ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበትን ነጥብ ተ በይው። በጎነ ሦስት ተለመ ውስጥ 60 እና 50 አሉ፤ ስለዚህ ተ ላይ 70 ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው፣ በሰ እና በረ በኩል የሚገኘውም 70 ነው። እንግዲህ በጎነ ሦስት ሰተረ ውስጥ የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ድምር 110 ነው። እዚህ ድረስ ማንም ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ነው ጉዱ። ላይኛውን ጎነ ሦስት ሀሰረን ይዘሽ ሌላ እኩልታ ልትጽፊ ትሞክሪያለሽ። ታጠፊያለሽ፣ ትደምሪያለሽ፣ ትቀንሻለሽ፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው 180 እኩል ይሆናል 180 ነው። በሌላ በኩል ብትዞሪም ያው ነው፤ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ይህ የሚሆነው ስላልጎበዝሽ አይደለም። ማዕዘን መደመር ብቻውን ይቺን ጥያቄ አይፈታትም። ሁለቱ የማይታወቁ ማዕዘኖች በአንድ እኩልታ ታስረዋል፤ ሁለተኛው እኩልታ የሚመጣው ከጎኖች ርዝመት ነው፤ አንቺ ደግሞ ርዝመትን ገና አልነካሽም።

3. ስትጠይቂ ያቆመሽን ነገር ጽፈሽ ጠይቂ።

«ሥራልኝ» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ የተሠራ ወረቀት ነው፤ ያንን ትገለብጫለሽ፣ ነገ ሰሌዳ ላይ ስትጠሪ ትንተባተቢያለሽ። ይልቅ እንዲህ ጻፊ፦ «ማዕዘኖቹን ሞልቻለሁ። ሰ እና ረ ላይ የቀሩት ሁለቱ ድምራቸው 110 ነው፤ ለየብቻቸው ግን ማግኘት አቃተኝ።» ይህን ያነበበ መምህርም ሆነ አስጠኚ ወይም የክፍልሽ ጎበዝ የት እንዳለሽ ወዲያው ያውቃል። ሥዕልሽንም አያይዢ። መምህርሽን ከክፍል በኋላ መጠየቅ እንደምታፍሪ አውቃለሁ፤ የሞከረ ተማሪን የሚያባርር መምህር ግን ብዙ አላየሁም። የሚያስቆጣቸው ባዶ ደብተር ነው።

4. የምትለምኚው አንዲት መስመር ብቻ ትሁን።

ዩክሊድ በ«ኤለመንትስ» የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ 5ኛው ቴዎረም ላይ ሁለት ጎኖች እኩል ከሆኑ ከፊታቸው ያሉት ማዕዘኖች እኩል ናቸው አለ። 6ኛው ላይ ገለበጠው፦ ማዕዘኖቹ እኩል ከሆኑ ጎኖቹም እኩል ናቸው። ተማሪ ሁሉ 5ኛውን ይዞ ይዞራል፤ 6ኛውን ይረሳል። የላንግሊ ጥያቄ የምትከፈተው በ6ኛው ነው። 6ኛውን የምትጠሪባት መስመር ይቺውልሽ፦ ከለ ተነስተሽ ከመሠረቱ ጋር 20 ዲግሪ የሚሠራ መስመር ሳቢ፤ ሀመን የሚነካበትን ነጥብ ቀ በይው። እዚህ ላይ ማንበብ አቁመሽ ብትሞክሪ ደስ ይለኛል።

ካልተቻለሽ እነሆ። በጎነ ሦስት ለመቀ ውስጥ ለ ላይ 20፣ መ ላይ 80 ስላለ ቀ ላይም 80 ነው፤ ስለዚህ ለቀ ከለመ ጋር እኩል ነው። በጎነ ሦስት ለመሰ ውስጥ ለ ላይ 80፣ መ ላይ 50 ስላለ ሰ ላይም 50 ነው፤ ስለዚህ ለሰም ከለመ ጋር እኩል ነው። በለሰ እና በለቀ መካከል ያለው ማዕዘን ደግሞ 80 ሲቀነስ 20፣ ማለት 60 ነው። ሁለት ጎኑ እኩል ሆኖ በመካከላቸው 60 ካለ ሦስቱም ጎን እኩል ነው። ሰቀም ከእነሱ ጋር ተካተተ።

አሁን ጎነ ሦስት ለቀረን እዪ። ለ ላይ 60 ሲቀነስ 20፣ 40 አለ። ረ ላይም 40 ነው፤ ከ180 ላይ 80 እና 60 ብትቀንሺ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ቀረ ከለቀ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ቀሰ እና ቀረ እኩል ሆኑ። ቀ ላይ፣ በቀጥተኛው መስመር ሀመ ላይ ቆመሽ ብታዪ 80 እና 60 ተይዘዋል፤ ለማዕዘን ሰቀረ የቀረው 40 ነው። የሁለቱ እኩል ጎኖች መሠረት ማዕዘኖች 70፣ 70 ሆኑ። ረ ላይ ካለው 70 ላይ፣ ቀደም ሲል እዚያው ረ ላይ ያገኘሽውን 40 ቀንሺ። 30።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ የጂኦሜትሪ ውበት ሁሉ ያቺ ያልነበረች መስመር ውስጥ ናት። ማንም ካልነገረሽ በቀር አትታይሽም፤ ከነገረሽ በኋላ ደግሞ እንዴት ሳላያት ቀረሁ ትያለሽ።

5. ስልክሽ ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ብትጠይቂውም አልከለክልሽም። ሥዕል ያለበት ጥያቄ ላይ ግን በልበ ሙሉነት ሊሳሳት ይችላል፤ እያንዳንዱን እርምጃ «ይህ ለምን እኩል ሆነ?» እያልሽ አፋጥጪው። ምክንያቱን ካልነገረሽ ተዪው።

6. ለነገ ጠዋት የሚሰበሰብ የቤት ሥራ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አትላኪ። በዚያ ሰዓት የምትፈልጊው ማስረዳት አይሆንም፤ መልስ ብቻ ነው፤ እኔም እንቅልፌ መጥቷል።

7. ከገባሽ በኋላ ወረቀቱን ከድነሽ እንደገና ሥሪው።

የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖልያ በ1945 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ ጥያቄ ከተፈታ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየትን እንደ አንድ ራሱን የቻለ እርምጃ ቆጥሮታል። በነገው ቀን፣ ያለ ማንም፣ በባዶ ወረቀት ላይ ሠርተሽ ካወጣሻት ያንቺ ሆናለች። ካቃተሽ የጠፋብሽን አንዲት እርምጃ ብቻ እዪና እንደገና ጀምሪ።

ከዚያ በኋላ 50ውን አጥፍተሽ 70 አድርጊው፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይሁን። ማዕዘን መሰረ 20 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጪ። የቀድሞዋ መስመር እዚህ አትረዳሽም፤ ከረ ተነስተሽ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነች መስመር ሳቢ። የሠራሽውን እስከ ቅዳሜ ላኪልኝ፤ ካቆመሽም ያቆመሽን ቦታ ጽፈሽ ላኪልኝ።