የልጁ ሕክምና በቤቱ ውስጥ፦ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አጥቢያዎች ስንዘዋወር ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡልን ጉዳይ አለ። ልጁ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ የተላከበትን ዘንግቶ ይመለሳል፤ የጀመረውን አይጨርስም፤ ተራውን አይጠብቅም። ጎረቤት “አሳዳጊ የበደለው” ይለዋል፤ ሌላው “መንፈስ ነው” ይላል። እናቱም ነቀፋውን ፈርታ ይዛው መውጣት ትተዋለች።

ችግሩ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር፣ በምኅጻረ ቃል ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚሉት ሁኔታ አለ። ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ሲሆን በቤተሰብ የመተላለፍ ዝንባሌ አለው፤ ከስንፍና ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመነጭ አይደለም። ይሁንና የሚቅበጠበጥ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት አይባልም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምረው፣ ቢያንስ ለ6 ወር ቆይተው፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ኑሮውን ማወካቸው መረጋገጥ አለበት። የመስማት ችግር፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም ኀዘንም ተመሳሳይ ጠባይ ሊያሳይ ስለሚችል ውሳኔው የባለሙያ ነው። የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያው ነው።

ቤተሰብ ለምን?

ባለሙያው ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ልጁ የሚያድገው ግን በቤቱ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከመድኃኒት አስቀድሞ የሚመከረው ወላጆችን ማሠልጠን ነው፤ ከፍ ላሉትም መድኃኒት ቢታዘዝ የቤተሰቡ ድርሻ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው፣ በአዲስ አበባም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። ትምህርቱ ከአዳራሽ ወጥቶ በዕለት ኑሮ ውስጥ እንዲሠራ ታስቦ ነው።

በአካባቢያችን ብዙ ወላጆች በፋብሪካ በፈረቃ ይሠራሉ፤ ብዙ ቤተሰብም በአንዲት ክፍል ይኖራል። እንግዲህ “ጸጥ ያለ ክፍል ስጡት” ብንል ሸክም እንጨምራለን እንጂ አንረዳም። ምክራችን ቤቱ ካለው ሥርዓት ይነሣ፦

1. ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሁን። “ውኃ ቅዳ፣ ጨው ግዛ፣ ከዚያ አጥና” ከማለት ይልቅ ቀርቦ፣ ስሙን ጠርቶ አንዱን ብቻ መንገር፤ ሲፈጽምም ወዲያው ማመስገን።
2. እንቅስቃሴው ሥራ ያግኝ። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ማደልና ሲኒ ማቀበል የእርሱ ድርሻ ይሁን።
3. ጥናቱ በአጭር በአጭር ይከፈል። 10 ደቂቃ አጥንቶ ይነሣ፤ ተንቀሳቅሶ ይመለስ።
4. ደንቡ አንድ ይሁን። አባት የሌሊት ፈረቃ ሲገባ የምትጠብቀው አያቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ያንኑ ደንብ ትጠብቅ።
5. ዱላና በርበሬ ማጠን ይቅር። ፍርሃትን ያስተምራሉ እንጂ ትኩረትን አይሰጡም። ልጁ ሲያጠፋ የሚወደውን ጨዋታ ለጥቂት ጊዜ መከልከል ይበቃል።

የካህናት ድርሻ

የንስሐ አባት ቤቱን ያውቃል፤ ቃሉም ይሰማል። “መንፈስ ነው” ብሎ ቢፈርድ ቤተሰቡ ሕክምናውን ሊያቋርጥ ይችላል፤ “ጸልዩ፣ አስጠምቁት፣ ሐኪም ያዘዘውንም አትተዉ” ቢል ግን ሁለቱን ያስተባብራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። በረጅም ቅዳሴ መቆም ያቃተውን ልጅም ከመገሠጽ ይልቅ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መጻሕፍት እንዲያድል ማድረግ ከምእመናን ኅብረት እንዳይርቅ ይረዳዋል።

ለውይይት

• በአጥቢያችን ነቀፋ ፈርተው ልጃቸውን የደበቁ ወላጆች አሉን? ማን ይጎብኛቸው?
• ወላጆች ከፈረቃቸው ጋር በሚስማማ ሰዓት በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው እንዲመካከሩ የትኛውን አዳራሽ እንስጥ?
• ከአካባቢያችን ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኘን አንድ የኮሚቴ አባል ማን ይሁን?