የአንድ ቁጥር ዋጋ፤ የሳንቲም ደረጃን እንደገና ማስወጣት የሚያዋጣው መቼ ነው?

በአሜሪካ የቆዩ ሳንቲሞች ገበያ የአንድ ሳንቲም ዋጋ የሚወሰነው በያዘው ብር ወይም ወርቅ ክብደት ብቻ አይደለም። ሳንቲሙ በታሸገበት ፕላስቲክ ላይ የሠፈረው የደረጃ ቁጥር ከብረቱ የበለጠ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ከፍ ቢል ባለሳንቲሙ ሌላ ዕቃ ሳይገዛና ሳይሸጥ ሀብቱ ይጨምራል። በመሆኑም ደረጃ የወጣለትን ሳንቲም ለዳግም ምርመራ ማቅረብ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ንግድ ከሆነ ደግሞ በተስፋ ሳይሆን በሒሳብ መመራት ይኖርበታል።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1949 ዊሊያም ሼልደን የተባሉ አሜሪካዊ ለአገራቸው የጥንት መዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጡ። መለኪያው ቆይቶ ለሌሎች ሳንቲሞችም ዋለ። ከ60 እስከ 70 ያሉት 11 ደረጃዎች በዝውውር ላልተበሉ ሳንቲሞች የተመደቡ ሲሆኑ፣ 58 የሚሰጠው ጥቂት የመበላት ምልክት ለሚታይበት ነው።

ቀድሞ ደረጃውን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ሻጩ ራሱ ነበር። ነጋዴው ሲሸጥ ከፍ፣ ሲገዛ ዝቅ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው። ይህን ችግር ለማቃለል ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኤን.ጂ.ሲ. ደግሞ በ1987 ሥራ ጀመሩ። ሁለቱም ሳንቲሙን መርምረው፣ ቁጥር ሰጥተውና በፕላስቲክ አሽገው ለውሳኔያቸው ዋስትና ይሰጣሉ። ገዥና ሻጭ ሳንቲሙን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ይዘው መገበያየት ቻሉ። ባለሀብቶችም ወደ ገበያው ጎረፉ፤ ዋጋው እ.ኤ.አ. በ1989 ጣሪያ ነክቶ ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ያኔ ከፍተኛ ጉዳት የደረሰባቸው በብዛት የሚገኝ ሳንቲም ከፍ ያለ ቁጥር ስለያዘ ብቻ በውድ የገዙት ነበሩ።

አንድ ሳንቲም ለምን ሁለት ቁጥር ያገኛል?

መርማሪዎቹ ሰዎች ናቸው። ጭረቱን፣ የቅርጹን ጥራት፣ የብረቱን አንጸባራቂነትና አጠቃላይ ውበቱን አይተው ይፈርዳሉ። በጣም ጥሩ በሆነ 64 እና በደካማ 65 መካከል ያለው ልዩነት እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ከዚህም ሌላ የምርመራው ጥብቅነት ከዘመን ዘመን ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታሸጉ ሳንቲሞች ጠበቅ ባለ ዓይን የታዩ ናቸው የሚል እምነት በገበያው ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለቱ ድርጅቶች በቁጥሩ ላይ የመደመር ምልክት መጨመራቸውም ለዳግም ምርመራ ተጨማሪ ምክንያት ሆኗል።

ሒሳቡ

መጀመሪያ መታየት ያለበት በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት ለሁሉም ሳንቲም አንድ አይደለም። ለአብነት ያህል በሳን ፍራንሲስኮ በ1881 የተቀረጸው የሞርጋን ዶላር በጥሩ ይዞታ በብዛት ስለሚገኝ ከ64 ወደ 65 ሲያልፍ የሚጨምረው ዋጋ መጠነኛ ነው። እዚያው በ1884 የተቀረጸው ግን 3.2 ሚሊዮን ቢሆንም ሳይበላ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም 58ን አልፎ ወደ 60ዎቹ ሲገባ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይዘላል።

ቀጥሎ ያሉት አኃዞች የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ ለማስረጃ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሳንቲም በ63 ደረጃ 130 ዶላር፣ በ64 200 ዶላር፣ በ65 ደግሞ 320 ዶላር ያወጣል እንበል። በእጅ ያለው 64 ነው። የምርመራ፣ የፖስታና የመድን ወጪው 60 ዶላር ነው። ከፍ የማለት ዕድሉ 25 በመቶ፣ ባለበት የመቆየቱ 60 በመቶ፣ ዝቅ የማለቱ 15 በመቶ ቢሆን፣ የሚጠበቀው ጭማሪ 30 ዶላር፣ የሚጠበቀው ጉዳት 10.50 ዶላር ይሆናል። ከቀሪው 19.50 ላይ 60 ሲቀነስ 40.50 ዶላር ኪሳራ ነው።

አሁን ደግሞ በ63 1,200፣ በ64 2,000፣ በ65 6,000 ዶላር የሚያወጣ ሌላ ሳንቲም ይወሰድ፤ ወጪው 150 ዶላር ይሁን። በዚያው የዕድል ስሌት ጭማሪው 1,000፣ ጉዳቱ 120፣ ወጪው 150 ሲሆን በአማካይ 730 ዶላር ትርፍ ይታያል።

ትርፉ ለምን ሌላ ሰው አልወሰደውም?

ብዙ ገዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ ቀድመው የያዙት ነጋዴዎችም ይህንኑ ሒሳብ ሠርተዋል። ሳንቲሙ ዛሬም በ64 ላይ የሚገኘው ደጋግሞ ተሞክሮ ስላልተሳካ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ከፍ የማለት ዕድሉ 25 በመቶ ሳይሆን 5 በመቶ ቢሆንና ዝቅ የማለቱ እዚያው 15 በመቶ ላይ ቢቆይ፣ ጭማሪው ወደ 200 ዶላር ይወርዳል። ጉዳቱና ወጪው ሲቀነስ የ730 ዶላሩ ትርፍ ወደ 70 ዶላር ኪሳራ ይለወጣል። በሳንቲሙ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የዕድሉ ግምት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል በግድ 65 የደረሰ ሳንቲም የ65ን ሙሉ ዋጋ ላያገኝ ይችላል። ልምድ ያለው ገዥ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሳንቲሙንም ነው። ድርጅቶቹ በሚያወጡት ቆጠራ ላይም ጥንቃቄ ያሻል፤ አንድ ሳንቲም ከማሸጊያው እየወጣ ሦስት ጊዜ ሲቀርብ የቀድሞው መለያ ካልተመለሰ እንደ ሦስት ሳንቲም ሊቆጠር ይችላል።

ሰብሮ ማውጣት ወይስ እንደታሸገ መላክ?

ማሸጊያውን ሰብሮ ሳንቲሙን እንደ አዲስ ማቅረብ ከቀድሞው ቁጥር ተጽዕኖ ነፃ ያደርገዋል። ነገር ግን የቀድሞው ዋስትና አብሮ ይቀራል፤ ቁጥሩ ቢወርድ የሚካስ የለም። ሳንቲሙ ሲወጣ የመጫር አደጋም አለ። አሮጌ ማሸጊያዎች ራሳቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ ስለሚፈለጉ እነሱን መስበር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሊሆን ይችላል።

እንደታሸገ ታይቶ ከፍ ካለ ብቻ የሚቀየርበት አገልግሎት ዝቅ የማለትን አደጋ ያስቀራል። ከላይ ባለው የ5 በመቶ ምሳሌ የ120 ዶላሩ ጉዳት ሲወጣ ኪሳራው ወደ 50 ዶላር ትርፍ ይዞራል። ሌላው አማራጭ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ሲ.ኤ.ሲ. ነው። ይህ ድርጅት ማሸጊያውን ሳይከፍት ለደረጃው ብቁ በሆነ ሳንቲም ላይ አረንጓዴ፣ ከደረጃው በላይ ነው በሚለው ላይ ወርቃማ ምልክት ይለጥፋል። ባለሳንቲሙ ቁጥሩን ሳይነካ የጥራት ምስክር ያገኛል ማለት ነው።

ጨርሶ የማያዋጣው

ታጥቦና ተፈትጎ ያበራ፣ የተሞላ ወይም የተበየደ ሳንቲም መደበኛ ቁጥር አይሰጠውም፤ ጉድለቱ ተጠቅሶ ይመለሳል። ይህ ኢትዮጵያውያን ባለንብረቶችንም ይመለከታል። ድርጅቶቹ የምኒልክን ብርና የማሪያ ቴሬዛን ታለር ጭምር ይመረምራሉ። በአገራችን ግን ታለር የአንገት ጌጥ ሆኖ የኖረ በመሆኑ ብዙው የማንጠልጠያ ብየዳ ወይም ቀዳዳ አለበት። ብየዳው ቢነሣም ጠባሳው አይጠፋም፤ ደጋግሞ መላክም ወጪ ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም። ብሩን እንዲያበራ ብሎ ማሸት ደግሞ በገዛ እጅ ዋጋ መቀነስ ነው።

እንግዲህ ሳንቲሙን ከመላክ በፊት ወጪውን በሁለቱ ደረጃዎች የዋጋ ልዩነት ማካፈል ይጠቅማል። ለምሳሌ ወጪው 60፣ ልዩነቱ 120 ከሆነ፣ የመውደቅ አደጋ ባይኖር እንኳ ከኪሳራ ለመዳን ሳንቲሙ ቢያንስ ከሁለት አንድ ጊዜ ከፍ ማለት አለበት። ባለሳንቲሙ በሚቀጥለው ደረጃ ከታሸጉ ብዙ ሳንቲሞች ጋር አስተያይቶ ይህን ዕድል በሙሉ ልብ መገመት ካልቻለ፣ ሳንቲሙን ባለበት ማቆየቱ ወይም እንዳለ መሸጡ የተሻለ ነው።