ካላዛርና የዱር አራዊት

ከገዳሪፍ አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ወሰን የሚዘረጋው ዋልካ ምድር ማሽላና ሰሊጥ በብዛት የሚያፈራ ለም መሬት ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ምድር ካላዛር የተባለው ብርቱ በሽታ የሚያርሰውንም የሚያጭደውንም ያጠቃል። የተያዘው ሰው ለብዙ ሳምንታት ያተኩሰዋል፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል።

የበሽታው ምርመራ በሱዳን ረጅም ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 በካርቱም በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የዌልካም ላቦራቶሪ በዶክተር አንድሩ ባልፎር መሪነት ሥራ ጀመረ። በ1904 ኒቭ የተባለው ሐኪም በሱዳን የተገኘውን የመጀመሪያ የካላዛር ሕመምተኛ አስታወቀ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሁግስትራልና ሄይነማን ዛሬ በደቡብ ሱዳን በምትገኘው በማላካል አካባቢ ባደረጉት ጥናት፣ ጥገኛው ተውሳክ በሜዳ አይጥ፣ በአነርና በሸለምጥማጥ ሰውነት ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። በኋላም በዲንደር ብሔራዊ ፓርክ በሙጭልጭላ ላይ ተገኘ።

ሆኖም አራዊቱ በሽታውን በቀጥታ ለሰው አይሰጡም። አስተላላፊዋ ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። ቀን በተሰነጠቀው ዋልካ ውስጥና በዛፍ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች፤ ሲመሽ ወጥታ የታመመውን እንስሳ ደም ትመጣለች፤ ከቀናት በኋላም ተውሳኩን ለሌላው ታጋባለች። ሱዳናውያን ጠልህ የሚሉት ግራርና ሂጅሊጅ የሚሉት ዛፍ የበዛበት ሥፍራ ይስማማታል። ቁጥሯም ከክረምት በፊት ባሉት ደረቅና ሞቃት ወራት ይበዛል። እንግዲህ በዱር ውስጥ የሚያድር ሰው በአውሬና በዝንብ መካከል ወደሚዞረው ሰንሰለት ገባ ማለት ነው።

በሽታው አንድ ጊዜ ወደ መንደር ከገባ ግን ያለ አውሬ ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል። ከ1984 እስከ 1994 በምዕራብ የላይኛው አባይ አውራጃ 100,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። በኢትዮጵያም ከደጋ ወደ መተማና ሑመራ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱ ሠራተኞች ይያዛሉ፤ በ2005 ቀድሞ በሽታው ባልታወቀበት በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ተነሥቷል።

ስለዚህ አራዊትን መግደል መፍትሔ አይሆንም። በደቡብ ሮዴዥያ የቆላ ዝንብን ለማጥፋት ሲባል በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አራዊት ተገድለዋል፤ በካላዛር በኩል ግን አይጥ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ የታመመው ሰው ራሱ ለዝንቢቱ ምንጭ ሆኖ ይቀራል።

ገበሬው ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው። በግራር ሥር ወይም በተሰነጠቀ መሬት ላይ ከማደር ይጠበቅ፤ ከመሸ በኋላ መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ውሻም ከመኝታው አጠገብ አያሳድር። የእርሻ ባለቤት ለሠራተኞቹ አጎበርና ከዱር የራቀ ማደሪያ ያዘጋጅ። ከቆላ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያተኩሰው ሰው ወባ ነው ብሎ ሳይዘናጋ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ መድኃኒቱ ሕይወት የሚያድነው በጊዜ ሲደረስ ነውና።