ጴጥሮስ እግሩን ሲሰጥ

አያቴ እማሆይ ሰማንያን ተሻግረዋል። ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ አቅርቤ እግራቸውን አጥባለሁ። ይህን የተጨዋወትነው በጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጉልባን ከቀመስን በኋላ ነው።

እኔ፦ እማሆይ፣ መጀመሪያ እግርዎን ልጠብዎ ስል ለምን ተቆጡኝ?

እማሆይ፦ አንቺን አልነበረም የተቆጣሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የእንግዳ እግር ሳጥብ ኖሬ፣ የእኔው በሰው እጅ ሲገባ አፈርኩ። ተረከዜ ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍሬ ጠጥሯል። ለካ ማገልገል ውስጥም የተደበቀ ትዕቢት አለ፤ ሰጪ ሆኖ መኖር ይጣፍጣል።

እኔ፦ ዛሬ አባቶች የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቡ እርስዎን አሰብኩ።

እማሆይ፦ እኔ ደግሞ ጴጥሮስን። ጌታ ሊያጥበው ዝቅ ሲል አይሆንም ብሎ ተከራከረ፤ እሺ ያለው ካልታጠበ ዕድል እንደሌለው ሲነገረው ነው። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የሰማውስ? ወጣት ሳለ እንደ ፈቀደ ይሄድ እንደ ነበር፣ ሲያረጅ ግን ወገቡን እንኳ የሚያስርለት ሌላ እንደሚሆን ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ነገሩ ስለ አሟሟቱ መሆኑን ጽፏል። እኔ ግን የራሴንም እርጅና እሰማበታለሁ። በ13ኛው ምዕራፍ እግሩን መስጠት ባይማር፣ በ21ኛው እጁን ዘርጋ ሲባል ምን ይሆን ነበር?

እኔ፦ ሰው ግን ይፈራዋል። «እርጅና ብቻህን ና» ይላል።

እማሆይ፦ እኔም ብዬዋለሁ። ብቻውን አልመጣም፤ የጉልበት ሕመምና የዓይን ሞራ አስከትሎ ገባ። መፍራት ኃጢአት አይመስለኝም። በግዕዙ ዳዊት 70ኛው መዝሙር የሽማግሌ ጸሎት ነው። ጉልበቱ እንዲመለስለት አይለምንም፤ ሲደክም እንዳይጣል ነው የሚማጸነው፤ ለሚመጣው ትውልድ የሚነግረው ስላለው።

እኔ፦ የንስሐ አባትዎ ስግደቱን ሲያስተዉዎት ግን አለቀሱ።

እማሆይ፦ አለቀስኩ። ቆብ ከደፋሁ ወዲህ የሕማማትን ስግደት አስታጉዬ አላውቅም። ጉልበቴ አልታጠፍ ሲል፣ ተቀምጠው ይጸልዩ፣ መታዘዝም ስግደት ነው አሉኝ። እኔ ግን በድብቅ ግድግዳ ይዤ እሰግድ ነበር። አንድ ሌሊት ወድቄ ሳልነሣ ስቀር፣ የምሰግደው ለእግዚአብሔር ይሁን ለቁጥሩ ጠፋብኝ። ያን ሌሊት ያነሣሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ዳዊቱንም አንድ ንጉሥ፣ አሥሩን መዝሙር፣ አንቺ ታነቢልኛለሽ፤ ስትስቺ አርምሻለሁ።

እኔ፦ እንግዲህ ሥራው መቀበል ብቻ ሆነ?

እማሆይ፦ ምን በወጣው! ሙሴ ፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነበር፤ ካሌብም በ85 ዓመቱ ተራራማውን አገር ስጡኝ ብሏል። ሰባኪው ሁሉ እነሱን ያነሣል። እኔ የምወደው ግን ገለዓዳዊውን ቤርዜሊን ነው። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ሲደርስ መኝታና ስንዴ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ ካመጡለት አንዱ እሱ ነበር። በኋላ ንጉሡ ሲመለስ፣ ኢየሩሳሌም ና፣ እኔ እጦርሃለሁ አለው። ቤርዜሊ ግን 80 ዓመት ሞልቶት ነበር። ምግቡ አይጣፍጠኝም፣ የዘፋኙም ድምፅ አይሰማኝም፣ ለንጉሡ ሸክም ለምን እሆናለሁ አለ። ዮርዳኖስን አብሮት ተሻገረና፣ በወላጆቹ መቃብር አጠገብ ልሙት ብሎ ተመለሰ። በእሱ ፈንታ ከመዓም የተባለ ወጣት ከንጉሡ ጋር እንዲሄድ አደረገ።

እኔ፦ እማሆይ፣ እሱም እኮ ሸክም አልሆንም ብሎ እምቢ አለ። እርስዎ ደግሞ እግርን መስጠት ይሻላል ይላሉ።

እማሆይ፦ ይህን እኔም ብዙ ጊዜ ስመላለስበት ቆይቻለሁ። ቤርዜሊ የተወው የንጉሥ ማዕድ ነው፤ ቦታውንም ለወጣት ለቀቀ። እኔ እምቢ ያልኩት አንቺን ነው። አንዱ መልቀቅ ነው፣ ሌላው መግፋት። የጽዋ ማኅበራችንን ሙሴነት፣ መሪነቱን፣ ዘንድሮ ለልጆቹ ስለቅቅ ቤርዜሊን አስቤ ነው፤ የደገሱትን ጠላ ቀጠነ እንዳልል ምላሴን መያዝ ግን ከስግደት በልጦብኛል። ጧሪ ያላጡ ነገር ግን ማንንም አላስጠጋ ብለው ብቻቸውን የሚያረጁ አውቃለሁ። ስለ እነሱ ሳስብ ሆዴ ይባባል። ስምዖን አረጋዊ ስንት ዘመን ጠበቀ! ሕፃኑ ሲመጣ ያደረገው ክንዱን ዘርግቶ መቀበል ነው። የካቲት 8 በዓሉ ሲከበር ያን የደከመ ክንድ አያለሁ።

እኔ፦ በትንሣኤ ወንዶች የ30፣ ሴቶች የ15 ዓመት ሆነው ይነሣሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

እማሆይ፦ አዎ፣ አባቶች እንዲያ ያስተምራሉ፤ አዳምና ሔዋን በተፈጠሩበት መልክ።

እኔ፦ ታዲያ እኔና እርስዎ እኩያ ልንሆን ነው?

እማሆይ፦ እኩያ! ይህን አስቤውም አላውቅ። ... በይ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ይቺን ግራዋን ጨርሺልኝ። በጣቶቹ መሀልም እሺልኝ፤ እዚያ ጋ ያሳክከኛል።