በድርቅ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት፤ ስም፣ መሬትና አሳዳጊ

በአገር ላይ በደረሰ መቅሠፍት ወላጆቹን ያጣ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምግብና መጠለያ ነው። ይህን የማይቀበል የእርዳታ ሠራተኛ የለም። ሁለተኛው ጉዳይ ግን፣ ማለትም ሕፃኑ የማን ልጅ እንደሆነና ከየት እንደመጣ በጽሑፍ ማስፈር፣ ብዙ ጊዜ ለነገ ይባላል። ነገ ደግሞ የሚመሰክርለት ሰው ላይገኝ ይችላል።

በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በመቀሌና በባቲ መጠለያዎች የታየው ሁኔታ ለዚህ በቂ ትምህርት ነው። ብቻውን የተገኘ ሕፃን ሁሉ የሙት ልጅ አልነበረም። አባቱ ሥራ ወይም እህል ፍለጋ ርቆ የሄደ፣ እናቱ በሌላ ጣቢያ የተኛች፣ በጉዞ ላይ ከአያቱ እጅ የተለየ ነበረበት። በዚያው ዓመትና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወለጋ ሲሰፍር፣ ከቤተሰቡ የተነጠለ ሰው ቁጥር ይበልጥ ጨመረ። ስለዚህ «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ማጣራት ከተደረገ በኋላ እንጂ በመጀመሪያው ቀን ሊሆን አይገባም።

ማጣራቱ የሚጀምረው ከሕፃኑ ነው። የአራት ዓመት ልጅ እናቱን «እማዬ» ከማለት በቀር ስሟን ላያውቅ፣ የወረዳውንም ስም ላይናገር ይችላል። ነገር ግን ውሃ የሚቀዳበትን ወንዝ፣ የገበያውን ቀን፣ የደብሩን ታቦት ወይም የመስጊዱን ሼህ ስም፣ የላማቸውን መልክ ጭምር ይናገራል። ይህ ቃል በቃል ሊጻፍ ይገባል፤ ጸሐፊው «አስተካክሎ» የጻፈው የመንደር ስም ፍለጋን ያሳስታልና። ከዚያም ከአንድ አካባቢ የመጡ ሽማግሌዎች ሳይበተኑ ልጁን እንዲያዩት ማድረግ ያሻል።

መንግሥት የሙት ልጆችን በራሱ ኃላፊነት ያሳደገበት ጊዜ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ላጡ ልጆች አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ ተቋቋመላቸው፤ ሌሎችም በሺህ የሚቆጠሩ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ትምህርቱም እንክብካቤውም ቀላል የሚባል አልነበረም። ሆኖም አምባው ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አልቀጠለም። በአንድ ሥርዓት በጀት ላይ ብቻ የቆመ ቤት ሲዘጋ፣ ከመንደሩ ጋር ግንኙነቱ የተቋረጠ ልጅ መመለሻው ይጠፋል። ከዚህም ሌላ የወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ በጡረታ ሕግ የሚያገኘው መብት አለው፤ በድርቅ የሞተ ገበሬ ልጅ ግን የጡረታ አበል የለውም። ያለው የአባቱ ማሳ ነው።

ይህን ማሳ ብዙ ባለሥልጣን ይዘነጋዋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ባለይዞታው ሲሞት የመጠቀም መብቱ ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ እንዲተላለፍ ደንግጎ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም እናት አባታቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሕጋዊ ሞግዚት አማካይነት በመሬት እንዲጠቀሙ አዟል። ሆኖም ልጁ በመጠለያ መዝገብ ላይ «አድራሻ የሌለው» ተብሎ ከተጻፈ መሬቱን ማን ይጠብቅለታል? ባዶ የተገኘ ማሳ ጦሙን ስለማያድር ለሌላ ይሰጣል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መንግሥት ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ2010 ዓ.ም. በውጭ አገር ዜጎች የሚደረግ ጉዲፈቻ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሸክሙ ይበልጥ ያረፈው በአገር ውስጥ አሳዳጊዎች፣ ይልቁንም በአያትና በአክስት ላይ ነው። ዘመድ ልጁን ሲቀበል በራሽን ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ካልተጨመረ፣ ለአምስት ሰው የተሰፈረው እህል ለስድስት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ ከሁሉ የሚጎድልበት ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ካርዱ ልጁ በሚገባበት ቀን እንጂ በሚቀጥለው እደላ መታረም የለበትም።

የመዝገቡ ቅጽ በሦስት ቅጂ ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ አንዱ በጣቢያው ይቀራል፣ ሁለተኛው ወደ ትውልድ ቀበሌው ይላካል፣ ሦስተኛው ሕፃኑ በተዛወረ ቁጥር አብሮት ይሄዳል።